መታወቂያችሁ ስንት ሰው ኮምፒውተር ላይ አለ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ ኮፒና ላሚኔት እሠራለሁ፣ አሁን አሁን ደግሞ የፋይዳ ካርድ አትማለሁ። ካርድ የሚያሳትም ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልኛል። ፎቶው፣ ሙሉ ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ ስልኩ፣ አድራሻው፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። አትሜ እሰጠዋለሁ፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ፋይሉን አጥፊልኝ የሚለኝ ግን ከስንት አንድ ነው።

እኔ አጠፋለሁ። ማታ ከመዝጋቴ በፊት ዴስክቶፑንም፣ ዳውንሎዱንም፣ ሪሳይክል ቢኑንም አጸዳለሁ። ሁሉም ቤት ግን እንዲህ አያደርግም። ፕሪንተሬ ሲበላሽ ሥራዬን ይዤ ሌላ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፣ አንዱ ቤት ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ዴስክቶፑ ላይ የቀረ ቦታ የለም። የፋይዳ ፊትና ጀርባ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም በየባለቤቱ ስም ተቀምጧል። ልጁ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፣ ኮምፒውተሩ ክፍት ነው፣ ፓስዎርድም የለው፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ፍላሹን ሰክቶ የፈለገውን ገልብጦ ቢሄድ የሚያየው አልነበረም። የልጁ ክፋት አይደለም፣ ቸልታ ነው። ለሌባው ግን ያው ነው።

አዋጅም ወጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። አዋጅ ቢኖርም ማንንም ሳትጠብቁ ራሳችሁ የምታደርጉት ነገር አለ። ፋይላችሁን እዚያው ቆማችሁ አስጠፉ። ከላካችሁበት ቻትም እናንተው ራሳችሁ ለሁለታችሁም እንዲጠፋ አድርጋችሁ አጥፉ። የመታወቂያ ኮፒ ለአከራይ ወይ ለደላላ ስትሰጡ ደግሞ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት፣ ጽሑፉ ፎቶውን ትንሽ ይንካው። ያ ወረቀት ነገ ለሌላ ጉዳይ ቢቀርብ የሚያየው ሰው ይጠይቃል።

ስለ ፋይዳ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ቁጥር ነው ያለው። ባለ 12 አሃዙ የእናንተ ቋሚ ልዩ ቁጥር ነው። ባለ 16 አሃዙ በእሱ ፈንታ ለሰው እንዲሰጥ የተዘጋጀ ነው። ቁጥር አምጡ ስትባሉ 16ቱን ስጡ፣ 12ቱን ለራሳችሁ ያዙ። ስትመዘገቡ የሰጣችሁት ስልክስ የማን ነው? ማንነታችሁን በፋይዳ ለማረጋገጥ ኮድ ሲላክ የሚሄደው ወደዚያ ስልክ ነው። ያኔ ስልክ ስላልነበራቸው የጎረቤት ልጅ ቁጥር ያስመዘገቡ እናቶች አውቃለሁ። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ነገ ስልኩን ሲሸጥ የሚገዛው ሰው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። መመዝገቢያ ጣቢያ ሄዳችሁ አስቀይሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ መታወቂያ ብቻውን ለሌባ ብዙ አይሠራለትም። እሱ የሚሰበስበው ቁርጥራጭ ነው። ስምና ፎቶ ከአንድ ቦታ፣ ስልክ ቁጥር ከሌላ፣ ኮዱን ደግሞ ከእናንተው አፍ። ሰው «ሃክ ተደረግሁ» ሲል የሆነ የኮምፒውተር ሊቅ ስልኩን ሰብሮ የገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። በየቦታው የበተንነውን ለቅሞ ነው የሚገጣጥመው።

እንዴት እንደሚገጣጥመው ላሳያችሁ። ስልክ ይደወላል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከቴሌብር ነው የምንደውለው፣ ወይዘሮ እገሌ እገሌ ነዎት?» ይላል። ስምዎን እስከ አያት ጠርቶታል፣ ስለዚህ ልብዎ ግማሽ ያምናል። «መረጃዎ ስላልታደሰ ሒሳብዎ ዛሬ ማታ ሊዘጋ ነው፣ አሁን ስልክዎ ላይ መልእክት ይገባል፣ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ።» እውነትም መልእክት ይገባል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። መልእክቱ እኮ የውሸት አይደለም፣ ከትክክለኛው ድርጅት ነው የመጣው። ምክንያቱም ሰውዬው እያወራችሁ እያለ በሌላ ስልክ የእናንተን ቁጥር አስገብቶ ልግባ ብሎ ጠይቋል፣ ድርጅቱ ደግሞ እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ኮድ ላከ። መልእክቱ እውነት ነው፣ ውሸታሙ ጠያቂው ነው። ኮዱን ስታነቡለት በሩን የከፈታችሁለት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ከናንተ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ማንም ይሁን ማን ስልኩን ዝጉበት። አታመካኙ፣ አትጨቃጨቁ። ያናግራል፣ ይለማመጣል፣ ያስፈራራል፣ አንዳንዱ አላህን እየጠራ ይምላል። ከዘጋችሁ በኋላ ጥርጣሬ ከቀራችሁ ራሳችሁ ደውሉ። ቴሌብር 127፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ንግድ ባንክ 951። እናንተ ስትደውሉ የምታገኙት ትክክለኛውን ሰው ነው። የደወለላችሁ ሰው ግን ማን እንደሆነ ድምፁን ሰምታችሁ ልታውቁ አትችሉም።

«በስህተት ብር ልኬብሻለሁ መልሺልኝ» የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው። አምስት ሺህ ብር ገባ የሚል መልእክት ይመጣል፣ ወዲያው አንድ ሰው ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው ይደውላል፣ የሕመምተኛ መድኃኒት መግዣ ነበር ይላል። የወሎ ሰው ደግሞ እንዲህ ሲባል አንጀቱ አይችልም። መጀመሪያ መልእክቱ ከየት እንደመጣ እዩ። ቴሌብር ከ127 ነው የሚልክላችሁ፣ ከ09 ወይ ከ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር አይደለም። ቀጥሎ *127# ደውላችሁ ሒሳባችሁን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የገባ ብር የለም። በእውነት ገብቶ ከሆነም እናንተ አትላኩለት፣ «ለድርጅቱ አመልክት፣ እነሱ ይመልሱልህ» በሉት። በእውነት የተሳሳተ ሰው ይህን ቢሰማ አይከፋውም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ የሚመጣው በጓደኛ ስም ነው። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ግቢና ምረጪያት» ይላል። ሊንኩን ስትነኩ ስልክ ቁጥርና ኮድ ይጠይቃችኋል። ላኪው ጓደኛችሁ አይደለም፣ የጓደኛችሁ አካውንት ትናንት ተወስዷል፣ ዛሬ የናንተ ተራ ነው። ነገ ደግሞ በናንተ ስም ለእናታችሁ፣ ለአለቃችሁ፣ ለዕድር ሰብሳቢው «ሦስት ሺህ ብር እስከ ማታ አበድረኝ» ተብሎ ይላካል። ለመከላከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ክፈቱና የራሳችሁን ፓስዎርድ አድርጉ። ኮዱ ቢወሰድባችሁ እንኳ ያለዚህ ፓስዎርድ አይገባም። እዚያው ዲቫይስስ የሚለውን እዩ፣ አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። የማታውቁት ካለ ወዲያው አስወጡት። አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም፣ አንድ ቀን ያህል መጠበቅ አለበት። ያ ቀን የናንተ ነው፣ ነገ አያለሁ ብላችሁ አታሳድሩት።

ፋይል እየላኩ «አዲሱ የባንክ አፕ ነው፣ ጫኚው» የሚሉም አሉ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ኤፒኬ (.apk) የሚል ከሆነና በቴሌግራም ከመጣ አትክፈቱ። የባንክ አፕ ከፕሌይ ስቶር ነው የሚወርደው።

ይህ ሁሉ ስማርት ስልክ ላለውና ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን እናቶቻችን ናቸው። ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው የምለውን ያውቃል። ከገጠር የመጡ እናት ዶሮና እንቁላል ሸጠው ብራቸውን ስልካቸው ላይ ሊያስገቡ ወይ ሊያወጡ ጃንጥላ ሥር ወደ ተቀመጠው ወኪል ይሄዳሉ። ስልኩ ከመቀነት ይወጣል፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ልጁ ይቀበልና «እማማ፣ ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይላል። እሳቸውም ገበያው መሀል ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ድንች የሚመዝነው ሰውዬ ሳይቀር ይሰማል። ካላስታወሱት ደግሞ የስልኩን ሽፋን ከኋላ ይከፍቱታል፣ በአራት የታጠፈች ወረቀት አለች፣ ስድስቱ ቁጥር በልጃቸው እጅ ጽሑፍ ተጽፎባታል። ስልኩ የጠፋ ቀን ቁልፉም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ወኪሉ የሚስጥር ቁጥራችሁ ጨርሶ አያስፈልገውም። ብር ስታስገቡ ስልክ ቁጥራችሁን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስታወጡ ደግሞ ቁጥሩን የምታስገቡት እናንተ በራሳችሁ ስልክ ላይ ነው። ማንበብ አይችሉም የሚባሉ እናቶች ቁጥር ይለያሉ፣ ሪያድ ያለችውን ልጃቸውን ስልክ በቃላቸው የሚደውሉ እናት ስድስት ቁጥር አይያዙም ማለት ይከብደኛል። በዓል ሲመጣ ቤት ስትሄዱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ቡናው በረካ እስኪደርስ ጊዜ አለ። ቁጥሩን እሳቸው ራሳቸው ይምረጡ፣ እናንተም አትወቁት። የትውልድ ዓመት አይሁን፣ የስልካቸው መጨረሻ አይሁን፣ ከአንድ እስከ ስድስት በተራ አይሁን። በ*127# ደጋግመው ይሞክሩት። ቁጥሩን ስትነግሯቸው አይደለም የሚለምዱት፣ ጣታቸው ሲለምድ ነው። ያቺን ወረቀት ደግሞ አውጥታችሁ ቅደዱ።

ሪያድ ካልኩ አይቀር እሱንም ላንሳው። ከኛ አካባቢ አረብ አገር ሰው ያልሄደበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ዱባይ፣ ቤይሩት። የምንገናኘው በአይሞና በዋትሳፕ ነው። ሌባው ይህን ያውቃል። የልጅቱን አይሞ ይወስድና ለእናቷ በጽሑፍ ይልካል። «እማ ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፣ ስልኬ ድምፅ አይሠራም፣ በዚህ አካውንት ቶሎ አስገቡልኝ።» ያች እናት ምን ታደርጋለች? ጎረቤት ተበድራ ታስገባለች። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ይያዝ ነው፣ ቤት ያለ ሰው ብቻ የሚመልሰው፣ ፌስቡክ ላይ የሌለ። ትልቁን ጀበና ማን ሰበረው ዓይነት። ብር ከመንቀሳቀሱ በፊት ይጠየቅ። መልስ ከሌለ ብርም የለም፣ ሌላ ዘመድ ጋ ተደውሎ በድምፅ እስክትገኝ።

ሌላው ትታው የምትሄደው ሲም ነው። ባንኳ፣ ቴሌግራሟ፣ ፋይዳዋ የተያያዘው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው፣ ሲሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ወይ ለወንድም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያ አዲስ ባለቤት ምንም ክፋት ሳያስብ እንኳ ኮዷ ለእሱ ይደርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከተማውን ጥለን ስንወጣም እንዲሁ ነበር፣ ስንት ሰው መታወቂያውን፣ የባንክ ደብተሩን፣ ሲሙን ቤት ትቶ እንደወጣ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ተመልሶ አዲስ ሲም አወጣ፣ የድሮውን ግን ከባንኩ አላስነሳም። ያኔ የጠፋ ቁጥር ካላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በስሜ የተያዘው ስልክ የትኛው ነው በሉ።

ሱቅ ያላችሁ፣ ደንበኛ የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። ደረሰኝ አስመስሎ መሥራት ዛሬ ከባድ አይደለም፣ እኔ በሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን ስታዩ ዕቃውን ስጡ። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ።

ኮምቦልቻ ላይ ብዙ የማየው የሥራ ማስታወቂያ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ሥራ ፈላጊው ዓይኑን እዚያ ላይ ጥሏል፣ አጭበርባሪውም እንደዚያው። ቴሌግራም ላይ የፓርኩ ፎቶ ተለጥፎ፣ ደመወዙ ተጋኖ፣ «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ብር፣ ከመታወቂያ ፊትና ጀርባ ጋር» ይላል። ልጆቹ ከሐረጎ ቁልቁለት ወርደው ፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ የሚያውቃቸው የለም። ብሯ ትንሽ ናት፣ አንዳንዱም «ይለፈኝ» ብሎ ይተዋታል። መታወቂያውን፣ ዲፕሎማውን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን፣ ፎቶውን ግን አብሮ ልኳል። ያ አይመለስም። በዚያው ዓይነት «ዕቃሽ ኮምቦልቻ ጉምሩክ ደርሷል፣ ቀረጡን ላኪ» የሚልም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት ክፍያ አይቀበልም። የተቀባዩ ስም የሰው ስም ከሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ወጣቶች፣ ይህን አስምሩበት። «የባንክ አካውንትህን ለጥቂት ቀን አውሰኝ፣ ከሚገባው ትካፈላለህ» ወይም «በስምህ ሲም አውጥተህ ሽጥልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። ሥራ የጠፋበት ልጅ ቀላል ብር ይመስለዋል። ከአንዲት እናት የተሰረቀው ብር የሚያልፈው በዚያ አካውንት ነው፣ ኮድ እየጠየቀ የሚደውለውም በዚያ ሲም ነው። ፖሊስ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው የዚያ ልጅ ስም ነው። ጓደኛዬ ነው፣ አላውቅም ነበር ማለት ብዙ አያድንም።

ከደረሰባችሁስ? ማፈር የለም፣ ዝም ማለትም የለም፣ መሮጥ ነው። መጀመሪያ ብሩ ወደ ወጣበት ድርጅት ደውሉ፣ ሒሳቡን እንዲያግዱ፣ የተላከበትንም እንዲይዙ ጠይቁ። ሌባው ብሩን ቶሎ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ዘመድ ከማማከር በፊት ደውሉ። ስልኩ ራሱ ከጠፋ ሲሙን አዘጉ። ቴሌግራም ወይ አይሞ ከሆነ የተወሰደው ለሰዎቻችሁ በሌላ ስልክ «እኔ አይደለሁም፣ ብር እንዳትልኩ» ብላችሁ አሳውቁ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበሩንም፣ የሰው የኤሌክትሮኒክስ ማንነት መስረቁንም ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል፣ ስለዚህ «ይህ የስልክ ጉዳይ ነው» ተብላችሁ ብትመለሱ አዋጁን ጥቀሱ። ተናዳችሁ መልእክቶቹን እንዳታጠፏቸው፣ ማስረጃችሁ እነሱ ናቸው። የደወለውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ብሩ የተላከበትን ስም፣ የግብይት ቁጥሩን አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። አምስት መቶ ብር ብትሆንም አመልክቱ፣ ያ ሰውዬ ስልኩን እናንተ ላይ ከዘጋ በኋላ ለሌላ ሰው ደውሏል።